ሮበርት ክሮንፌልድ፤ ከ30 ሜትር ክንፍ ወደ ትንሿ ማሽን

ባለፈው ሰሞን ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ክርክር ተነሣ። የምህንድስና ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ሞተር ስለሌላቸው አይሮፕላኖች፣ ማለት ግላይደር ስለሚባሉት፣ ያነበበውን ያወጋን ነበር። የዛሬው ምርጥ ግላይደር ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ ነፋስ ሳያግዘው፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይሄዳል፤ የጥንቱ የእንጨትና የጨርቅ ማሠልጠኛ ግን ከዚያው ከፍታ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ዛሬ በአሮጌው ግላይደር የሚበርር ሰው በመኪና ዘመን በበቅሎ የሚጓዝ ሰው ነው ሲል ፈረደ። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ በቅሎ የምታውቀውን መንገድ መኪና አያውቀውም ብሎ ተነሣበት። ሻዩ ቀዘቀዘ እንጂ ክርክሩ አልቀዘቀዘም።

እኛም የሁለቱን ጭቅጭቅ ስንሰማ አንድ ሰው ትዝ አለን። ይህ ሰው በዘመኑ ከነበሩት ግላይደሮች ሁሉ የሚበልጠውን፣ እጅግ የሚያስደንቀውን ያበረረ፣ ኋላም እጅግ ርካሽና ትንሽ የሆነችውን ማሽን ሠርቶ የሸጠ፣ ጀማሪ ተማሪዎችንም ያስተማረ ነው። ስሙ ሮበርት ክሮንፌልድ ይባላል። የሕይወቱን ታሪክ በዚህ ገጽ ብናቀርብ ለክርክሩ ከብዙ ቁጥር ይልቅ ይጠቅማል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሮንፌልድ በ1904 በግንቦት ወር በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። ስለ ልጅነቱ ብዙ አንዘገይም፤ ታሪኩ የሚጣፍጠው ከተራራው ላይ ነውና ወደዚያው እንሂድ።

ተራራው ቫሰርኩፐ ይባላል። በጀርመን አገር በሮን ተራሮች መካከል የሚገኝ፣ 950 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አናቱ ራሰ በራ የሆነ ጉብታ ነው። ዛፍ የሌለበት በመሆኑ ነፋስ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ያገኘዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በቬርሳይ የተፈረመው ውል ጀርመኖች ባለ ሞተር አይሮፕላን እንዳይሠሩ እጃቸውን አሠረ። ስለ ሞተር አልባ አይሮፕላን ግን ውሉ ያለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከ1920 ጀምሮ ወጣቶች፣ ይልቁንም የምህንድስና ተማሪዎች፣ በየበጋው በዚህ ተራራ ላይ እየተሰበሰቡ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ግላይደር ይፈትኑ ጀመር። አንዱን ክልከላ ሌላ ዕውቀት ወለደው።

እዚህ ላይ ለተማሪ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ሳንነግራቸው ማለፍ አይሆንልንም። በ1922 ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ቀጥሎም ሦስት ሰዓት ያህል በአየር ላይ የቆየችው ቫምፒር የተባለችው ግላይደር የሐኖቨር ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥራ ነበረች። ከዚያ በፊት ግላይደር ማለት ከኮረብታ ላይ ተወርውሮ ቁልቁል የሚወርድ ነገር ነበር፤ ቫምፒር ግን ወጥቶ መቆየት እንደሚቻል አሳየች። ይህን ያሳየው አንድ ትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን ፈተና የሚጠብቃቸው ልጆች ነበሩ።

ወደ ክሮንፌልድ ከመመለሳችን በፊት ግላይደር በአየር ላይ የሚቆየው በምን ተአምር እንደሆነ ባጭሩ እንግለጥ። ተአምር የለበትም። ግላይደር ሁልጊዜ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ቁልቁል እየወረደ ነው፤ እንደ ጋሪ በዳገት ላይ ይንሸራተታል። ነገር ግን አየሩ ራሱ ግላይደሩ ከሚወርድበት ፍጥነት በላይ ሽቅብ እየወጣ ከሆነ፣ ግላይደሩ እየወረደ ይወጣል። ከቀትር በኋላ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ ክብ እየሠራ ከፍ ሲል ያላየ ከመካከላችን የለም። አሞራው የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። አየር ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው፤ በዚያ ዘመን በሚገባ የሚታወቀው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ነፋስ የተራራን ወገብ መትቶ ወደ ላይ ሲታጠፍ። ስለዚህ አብራሪዎቹ እንደ ዘበኛ በተራራው ግንባር ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር። ከተራራው ከተለዩ ወዲያው መሬት ላይ ናቸው።

ክሮንፌልድ ወደ ቫሰርኩፐ በመጣ ጊዜ የሰው ሁሉ ጥያቄ ይህ ነበር፤ ከተራራው እንዴት እንለቃለን? በ1928 በተደረገው የበጋ ውድድር ክሮንፌልድ መልሱን ይዞ ወጣ። ሮንጋይስት በምትባል ግላይደር ተነሥቶ፣ በላዩ ያለፈውን ነጭ ደመና ተጠግቶ፣ ከደመናው በታች በሚወጣው አየር ከፍታ ገዝቶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ ሂመልዱንክበርግ ወደሚባል ሌላ ተራራ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ተነሣበት ተመለሰ። ርቀቱ ለዛሬ ሰው ምንም አይደለም። ነገር ግን ከተራራ ወደ ተራራ ሲሄድ በመካከሉ የሚሸከመው ደመና መሆኑን ማስረዳቱ ትልቅ ነገር ነበር።

ለዚህ ያበቃው አንድ ትንሽ መሣሪያ ነበረ፤ ቫርዮሜትር ይባላል። ክሮንፌልድ ይህን መሣሪያ በግላይደር ላይ ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቴርሞስ፣ ሻይ የምንይዝበት ፔርሙስ ማለት ነው፣ በቀጭን ቱቦ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። ግላይደሩ ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ በቴርሞሱ ውስጥ ያለው አየር በቱቦው ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ሲወርድ ደግሞ የውጭው ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ፍሰት የሚለካው መርፌ እየወጣህ ነው፣ እየወረድህ ነው ብሎ ይናገራል። የሰው ልጅ ሰውነት ይህን ራሱ ሊያውቅ የሚችል ይመስለዋል፤ አይችልም። በዝግታ መውጣትንና በዝግታ መውረድን ወገባችን አይለይም። ስለዚህ ከክንፉ ርዝመት በፊት የክሮንፌልድን ችሎታ ያሳደገው በሁለት እጅ የሚያዝ ጠርሙስ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1929፣ ሊፒሽ የተባለው ታላቅ የግላይደር መሐንዲስ ለክሮንፌልድ አንዲት ግላይደር ነደፈለት። ክሮንፌልድ በትውልድ ከተማው ስም ቪየን ብሎ ሰየማት፤ ቪየና በጀርመንኛ ቪየን ናትና። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ሜትር ያህል ነበረ። ከእንጨት፣ ከኮምፔንሳቶና ከጨርቅ ተሠርታ ከአንድ ሜትር ከፍታ 20 ሜትር ያህል ወደፊት ትሄድ ነበር። ይህ ለዚያ ዘመን የመጨረሻው ማዕረግ ነበር።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ክሮንፌልድ ቪየንን ይዞ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ወደሚገኘው ወደ ቶይቶቡርግ ደን ሄደ። ይህ ደን በረጅም ኮረብታ ሸንተረር ላይ የተዘረጋ ነው። ነፋሱ በትክክል ጎኑን ሲመታው ሽቅብ የሚወጣው አየር እንደ አጥር ከዳር እስከ ዳር ይቆማል። አንድ ጋዜጣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሄድ ግላይደር የ5,000 ማርክ ሽልማት አውጥቶ ነበር። ክሮንፌልድ በሸንተረሩ ላይ እየተሳበ፣ ሸንተረሩ በተቆረጠበት ቦታ ከደመና በታች ከፍታ እየገዛ፣ 102 ኪሎ ሜትር ሄዶ አረፈ። ሞተር በሌለው አይሮፕላን 100 ኪሎ ሜትርን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሐምሌ ወር ደግሞ ከቫሰርኩፐ ተነሥቶ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ከፍታውም ከ2,500 ሜትር በላይ ደረሰ።

እነዚህን ቁጥሮች ከዛሬው ጋር ብናስተያይ ጓደኛችን የምህንድስና ተማሪው ደስ ይለዋል። ክላውስ ኦልማን የተባለው ጀርመናዊ በጥር 2003 በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ከተራራ በስተጀርባ እንደ ባሕር ሞገድ በሚነሣው አየር እየተሸከመ፣ በአንድ ቀን 3,009 ኪሎ ሜትር በረረ። ከ102 ጋር ሲነጻጸር 30 እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ የጨመረው የግላይደሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። ኦልማን አየሩ የት እንደሚወጣ ያውቃል፤ ክሮንፌልድ ግን የሚያውቅለት ሰው ስላልነበረ እየፈለገ ነበር የሚበርረው።

በ1930 ክሮንፌልድ ወደ እንግሊዝ አገር ተጋብዞ በሳሴክስ ኮረብታዎች ላይ ቪየንን አሳየ። እንግሊዞች ገና በጀማሪ ግላይደር ከኮረብታ ጫፍ ዘልለው ሲወርዱ፣ እርሱ ከኢትፎርድ ኮረብታ ተነሥቶ በባሕሩ ዳርቻ ኮረብቶች ላይ እስከ ፖርትስማውዝ አጠገብ ሄደ። ያየ ሁሉ በየከተማው የግላይደር ክበብ ማቋቋም ጀመረ። ክሮንፌልድ በኋላ ቤት አጥቶ ወደዚያ አገር ሲመጣ የሚያውቁት ሰዎች ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰኔ 1931 ደግሞ ዓለም ሁሉ ስሙን ሰማ። ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ በእንግሊዝና በፈረንሣይ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ በግላይደር ደርሶ ለሚመልስ የ1,000 ፓውንድ ሽልማት አቅርቦ ነበር። ሰኔ 19 ቀን ሊሳንት ቢርድሞር የተባለ የኦፔራ ዘፋኝ ወደ ፈረንሣይ ተሻገረ፤ ግን አልተመለሰም። በማግሥቱ ክሮንፌልድ በሌላ አይሮፕላን ተጎትቶ በፈረንሣይ በኩል ከፍ ካለ በኋላ ገመዱን ፈትቶ ወደ ዶቨር ተንሸራተተ፤ በዚያው ቀን መልሶ ተሻገረ፤ ገንዘቡንም ወሰደ። እኛ ግን ይህን በረራ ጋዜጦቹ እንዳከበሩት አናከብረውም። ከፍ ካደረጉህና ክንፍህ ጥሩ ከሆነ ወሽመጡ ራሱ ይቀርብልሃል። አየርን መፈለግ፣ ማንበብ፣ መጠበቅ የሚባለው ነገር እዚህ ትንሽ ነው። የ1929ኙ የቶይቶቡርግ በረራ ከዚህ ይበልጣል፤ ነገር ግን ባሕር ስላልነበረበት ስሙ አልወጣም።

አሁን ወደ ትልቁ ክንፍ ደረስን። ክሮንፌልድ በቪየን አልረካም። ኩፐር የተባለ የሙኒክ ሰው አንድ አዲስ ግላይደር ነደፈ፤ ክሮንፌልድም በአገሩ ስም አውስትሪያ ተባለ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሜትር ነበረ። ሰው ዝሆን ብሎ ቅጽል ስም አወጣለት። ለመንሳፈፍ ስፖርት ከተሠሩት ግላይደሮች መካከል በክንፍ ርዝመት የሚበልጠው የተገኘው ኤታ የተባለው የጀርመን ግላይደር 30.9 ሜትር ክንፍ ይዞ በ2000 ሲነሣ ነው፤ ይኸውም ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የአውስትሪያ ሐሳብ ቀላልና የሚማርክ ነበር። ክንፍ ሲረዝም ግላይደር በዝግታ ይወርዳል፤ በዝግታ የሚወርድ ደግሞ በደካማ አየርም ይቆያል። ስለዚህ ምሽት ላይ፣ ሌሎች ሁሉ ሲያርፉ፣ አውስትሪያ ገና በሰማይ ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህን የሚያሸንፍ አልነበረም።

ነገር ግን በዚያው ጊዜ ቮልፍ ሂርት የተባለው የክሮንፌልድ ባልንጀራና ተፎካካሪ ሌላ መንገድ አግኝቶ ነበር። ሂርት በ1930 በአሜሪካ አገር በኤልማይራ፣ ደመና በሌለበት ጥርት ባለ ሰማይ ላይ፣ ከመሬት እየሞቀ የሚወጣውን የአየር ዓምድ አግኝቶ በውስጡ ጠበብ ባለ ክብ እየዞረ ወጣ። አሞራው ስንት ዘመን ያደረገውን ሰው ያን ጊዜ አደረገው። የሞቃት አየር ዓምድ ጠባብ ነው፤ ከውስጡ ላለመውጣት በጠባቡ መዞር ያስፈልጋል። 30 ሜትር ክንፍ ያለው ነገር በጠባቡ ሲዞር ምን ይሆናል? እንበልና የግላይደሩ መካከል 50 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ሳይጋደል ቢዞር፣ የውስጠኛው ክንፍ ጫፍ በ35 ሜትር፣ የውጭኛው በ65 ሜትር ክብ ላይ ይሄዳል። እንግዲህ አንዱ ጫፍ ከሌላው ሁለት እጥፍ ሊደርስ በሚቃረብ ፍጥነት ይሮጣል ማለት ነው። ክንፉን ማጋደል ልዩነቱን ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። የዘገየው ጫፍ መንሳፈፍ አቅቶት ወደ ታች መውደቅ ይወዳል። ክንፉም በመርዘሙ ለመሪው ቶሎ አይታዘዝም። ስለዚህ በወረቀት ላይ አሸናፊ የነበረው ዝሆን፣ አዲሱ ጨዋታ ሲመጣ፣ በጠባብ በረት እንደ ገባ በሬ ሆነ። ሂርትና ክሮንፌልድ በኋላ ለወጣው የብር ሲ ለተባለው የአብራሪነት ምልክት አንደኛና ሁለተኛ ቁጥር ወሰዱ፤ ሁለቱም እኩል የሚከበሩ ናቸው። ነገር ግን የወደፊቱ መንገድ በሂርት ክብ በኩል ሄደ።

በ1932 በቫሰርኩፐ ውድድር ላይ የአውስትሪያ ፍጻሜ ደረሰ። ክሮንፌልድ ወደ ትልቅ ደመና ውስጥ ገባ። በደመና ውስጥ አብራሪ መሬትም ሰማይም አያይም፤ የተጋደለ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ግላይደሩ አፍንጫውን ቁልቁል አደረገ፤ ፍጥነቱ ከልክ አለፈ። በጅራቱ ሁለት መሪዎች ነበሩት፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሲገለጡ ፍጥነትን እንዲገቱ ታስቦ ነበር፤ አልበቃም። በዝግታ እንዲሄድ የተሠራ ረጅም ክንፍ ለእንዲህ ያለ ሩጫ አልተሠራም ነበርና ተሰባበረ። ክሮንፌልድ በጃንጥላ ዘልሎ ዳነ። የዓለም ትልቁ ግላይደር ግን በየሜዳው ተበትኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ዛሬዎቹ ግላይደሮች አንድ ነገር መናገር ይገባናል፤ አለዚያ የቀድሞውን የምናወድስ ሽማግሌዎች እንመስላለን። ከእንጨት ወደ ፋይበርግላስ የተሻገረው የመጀመሪያው ግላይደር ፎኒክስ ይባላል፤ በ1957 የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት ነው። አሁንም ተማሪዎች! ፋይበርግላስ ቅርጹ እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ስለሆነ አየር ሳይጎተት ያልፍበታል፤ ስለዚህ አዳዲሶቹ ከአንድ ሜትር ከፍታ 40፣ 50 ሜትር ይሄዳሉ፤ ኤታ ወደ 70 ይቃረባል። ጠንካራም ስለሆነ ክንፉ ውሃ ተሞልቶ ይከብድና በፍጥነት ይሄዳል፤ አየሩ ሲደክም ውሃው ይደፋል። አውስትሪያ ያጣው ነገር ይኸው ነበር፤ ረጅም ክንፍ ከፍጥነትና ከጥንካሬ ጋር።

የልዩነቱ ትርጉም በተቃራኒ ነፋስ በደንብ ይታያል። እንደ ቪየን ያለ ግላይደር በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ላይ ቢነሣ፣ በመሬት ላይ የሚሄደው 25 ብቻ ነው፤ የ1 ለ20 ልኩ ወደ 1 ለ9 ይወርዳል። በሰዓት 100 የሚሄድ፣ 1 ለ42 ልክ ያለው አዲስ ግላይደር ግን በዚያው ነፋስ ላይ 1 ለ29 ያህል ይቀርለታል። አሮጌው ግላይደር ነፋስ ሲነሣበት በተነሣበት መንደር ይቀራል፤ አዲሱ ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። ይህን የምህንድስና ተማሪው ጓደኛችን ሲናገር እንቀበለዋለን።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት ፈተና ተደርጓል። ሰው ሁሉ ሊገዛው የሚችል አንድ ወጥ ግላይደር ይኑር ተብሎ ውድድር ወጣ፤ የዋርሶ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነደፈው ፒ ደብልዩ 5 የተባለው አሸነፈ። ትንሽ፣ ቀላልና ርካሽ ነበር፤ ልኩም 1 ለ32 ያህል ነው። ከቪየን በብዙ ይበልጣል። ሆኖም የተጠበቀውን ያህል አልተስፋፋም፤ አብራሪዎች ከ1 ለ40 አንሰው መታየት አልወደዱም። በሌላ በኩል ደግሞ በ1973 የአሮጌ ግላይደሮች ክበብ በእንግሊዝ ተቋቁሞ ብዙ አገሮች ተከተሉት፤ አባሎቹ የ1930ዎቹን የእንጨት ግላይደሮች እየጠገኑ፣ ጨርቃቸውን እየለወጡ ይበርሩባቸዋል። በአንድ በኩል 1 ለ32 ናቀው፤ በሌላ በኩል 1 ለ17 ወደደው። በዚህ ሁለት ዓይነት ሰው መካከል ቁጥሩ ብቻውን የሚፈርድ አይመስለንም። በ1 ለ17 የሚበርር ሰው ከመነሻው ብዙ ሊርቅ አይችልም፤ ስለዚህ በአጠገቡ ያለውን አየር፣ እያንዳንዱን የታረሰ ማሳና እያንዳንዱን ደመና፣ ያጠናል። ሲሳሳትም ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ማንኛውም የከብት ሜዳ ይቀበለዋል።

ክሮንፌልድ ይህን ከማንም ይልቅ ማወቁ የታየው ከ1933 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት በጀርመን የናዚ ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። ክሮንፌልድ የአይሁድ ዘር ነበር። የጀርመን ግላይደር ስፖርት በአዲሱ መንግሥት እጅ ገባ፤ ክሮንፌልድ ያሳደገው ተራራም ለእርሱ ተዘጋ። ቫሰርኩፐ ላይ ስሙን ያነሡ የነበሩ ሰዎች ዝም አሉ። ክሮንፌልድ ወደ ኦስትሪያ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ።

እዚያ ያገኘው ሥራ ከአውስትሪያ ጋር ሲተያይ የሚያሳዝን ይመስላል። ሎው ዋይልድ የተባለ እንግሊዛዊ ርካሽ የማሠልጠኛ ግላይደሮች ይሠራ ነበር፤ ከአንዱ ግላይደር ላይ የሞተር ብስክሌት ሞተር አስቀምጦ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ፈጠረ፤ በ1933 ግን በዚያችው ዓይነት ማሽን ሲበርር ሞተ። ክሮንፌልድ ድርጅቱን ተረከበ። ማሽኗንም አሻሽሎ ድሮን ብሎ ሸጣት፤ ሞተሯ ከክንፉ በላይ ተቀምጦ ከኋላ ይገፋት ነበር፤ ክንፏም ታጥፎ ጋራዥ ውስጥ ይገባ ነበር። ወደ 33 ያህል ተሠርተዋል። የዓለም ትልቁን ግላይደር ያበረረ ሰው፣ ደመወዝ ያለው ሁሉ የሚገዛትን ድሮን ሲሸጥ ስናስብ እኛ አላዘንንለትም። በዝግታ የሚበርር፣ በዝግታ የሚያርፍ፣ ዋጋው የማያስፈራ ነገር ብዙ ሰውን ወደ ሰማይ ያወጣል፤ 30 ሜትር ክንፍ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር ያወጣው። ሆኖም ድርጅቱ በገንዘብ አልቆመም፤ በ1937 ተዘጋ።

በ1938 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከተማ የግላይደር ክበብ ዋና አስተማሪ ሆነ። ይህን የሕይወቱን ክፍል ከሁሉ አብልጠን እንወደዋለን፤ ተማሪዎች ነንና አድሎአችን ይታወቅልን። በዚያ ዘመን ጀማሪ የሚለማመድበት ግላይደር አካል የለውም፤ የእንጨት ዘንግ፣ በላዩ ክንፍ፣ በፊቱ አንዲት መቀመጫ ነው። ተማሪው ብቻውን ይቀመጣል፤ ጓደኞቹ ወፍራም የላስቲክ ገመድ በሁለት ወገን ይዘው ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ግላይደሩ ይወረወራል፤ በመጀመሪያው ቀን መሬት ላይ ይንሸራተታል፣ በሌላው ቀን አንድ ሁለት ሜትር ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ይማራል። ከዚያ ግላይደሩን በትከሻና በገመድ ወደ ኮረብታው መልሶ መሳብ የሁሉም ሥራ ነው። የጌታም ልጅ የጸሐፊም ልጅ እኩል ይስባል። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ተማሪ በአየር ላይ የሚቆየው በሴኮንድ ሊቈጠር ይችላል፤ ሲገፋና ሲስብ የሚውለው ግን በሰዓት ነው። ባሕርን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተሻገረው ሰው የሚያስተምረው እንዲህ ያለውን ትምህርት ነበር። በዝግታ የሚበርር ግላይደር የተማሪውን ስሕተት ይታገሣል፤ የአውስትሪያን ደመና ያየ ሰው ደግሞ የትዕግሥትን ዋጋ ያውቃል።

በ1939 የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ጀመረ። ክሮንፌልድ በንጉሣዊው አየር ኃይል ገብቶ ወታደር የሚያጓጉዙ ግላይደሮችን በሚፈትነው ክፍል ሠራ። እነዚህ ግላይደሮች እንደ ስፖርቱ ግላይደር በሰማይ ሊቆዩ አልተፈለጉም፤ ተጎትተው ሄደው አንድ ጊዜ እንዲወርዱ ብቻ ነው የተሠሩት። የሙያው ሁሉ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ለአገልግሎቱ የአየር ኃይል መስቀል ተሸለመ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጄኔራል ኤርክራፍት በተባለው ኩባንያ የሙከራ አብራሪ ሆነ። ኩባንያው ጅራት የሌላቸው፣ ክንፋቸው ወደ ኋላ የተጠማዘዘ የሙከራ ግላይደሮች ነበሩት፤ ወደፊት ለሚመጡት ፈጣን አይሮፕላኖች ዕውቀት ለመሰብሰብ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የካቲት 12 ቀን 1948 ክሮንፌልድ ከነዚህ አንዱን፣ ጂ ኤ ኤል 56 የተባለውን፣ ከአንድ ረዳት ጋር ይዞ ወጣ። የዕለቱ ሥራ ግላይደሩን እጅግ አዝግሞ መንሳፈፍ ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር። ግላይደሩ ተገለበጠ፤ ከቁጥጥርም ወጣ። ረዳቱ በጃንጥላ ዘልሎ ዳነ። ክሮንፌልድ እስከ መጨረሻው ከመሪው ጋር ሲታገል በሃምፕሽር አውራጃ በሎወር ፍሮይል መንደር አጠገብ ወደቀ። ዕድሜው 43 ዓመት ነበር።